ተመልሶ የመጣ ስንቅ

ለንደን ደርሼ መመለሴን የሰማ ሰው ሁሉ የሚጠይቀኝ ስለ ንጉሡ ቤተ መንግሥት ነው። አላየሁትም። ትልቁን ሰዓትም ያየሁት ከአውቶቡስ መስኮት፣ ያውም በግማሽ ጎኑ ነው። እኔ ያየሁት ወህኒ ቤት ነው፤ የፈረሰውንም፣ ያልፈረሰውንም። ደሴ ውስጥ ታሪክ ሳስተምር አርጅቼ ጡረታ የወጣሁ ሴት ስለሆንኩ በሌላ ጉዳይ ብሄድም እግሬ ወደ አሮጌ ግንብ መሄዱ አይቀርም ነበር። ይኼኛው ጉዞ ግን የቤተሰብ ጉዳይ ነው፤ እህቴ አስካለ ጻፊው ስላለችኝ እጽፈዋለሁ።

አስካለ አንድ ልጅ አላት፤ ቢኒያም ይባላል። ለትምህርት ብሎ ለንደን ሄደ፣ ትምህርቱን ተወ፣ ከማይሆኑ ሰዎች ጋር ገጠመ፣ ዕፅ ሲያመላልስ ተይዞ ተፈረደበት። ይህንን ከቤተሰብ የምናውቀው እኔና እናቱ ብቻ ነበርን። ለጎረቤት “ትምህርቱ ገና ነው፣ የነሱ ትምህርት ረጅም ነው” ስትል ከረመች። ቆይታ ጭኮና ዳቦ ቆሎ አሰናዳች፣ በነጭ አቡጀዲ ከረጢት ከተተች፣ አፉን በቀይ ክር ሰፋችና በመንገደኛ እጅ ላከችለት። ከወራት በኋላ ከረጢቱ በሌላ መንገደኛ እጅ ተመልሶ ደሴ መጣ። ክሩ አልተፈታም።

ወጣት አንባቢ “ታዲያ ምን ይጠበስ?” ይል ይሆናል። በደርግ ጊዜ አባታችን ታስሮ ነበር። እኔና አስካለ በየተራ ስንቅ እናቀብላለን። ዘበኛው የዛሬውን ሳህን ተቀብሎ የትናንቱን ባዶ ይሰጠናል። ባዶ ሳህን ማለት አባባ በላ ማለት ነው፤ በላ ማለት ደግሞ አለ ማለት ነው። አንድ ጠዋት፣ ተራው የአስካለ ነበር፣ ዘበኛው ሳህኑን በጨርቅ እንደታሰረ መለሰላትና “ከዛሬ ጀምሮ እንዳታመጡ” አላት። ሌላ ቃል የለም። ሬሳ አልተሰጠንም፤ ማልቀስም ክልክል ነበር። በዚያ ዘመን በወህኒ ቤት ደጅ የቆመ ሰው ሁሉ የተመለሰ ስንቅ ምን ማለት እንደሆነ ያውቃል።

አስካለ ከረጢቱን ባየች ቀን ጥቁር ለበሰች። አላለቀሰችም። ልጁ ስልክ መደወል ካቆመም ቆይቶ ነበር። ስንቁን ተቀብላ ወደ ወህኒ ቤቱ የወሰደችው የለንደኗ ወዳጃችን ወይዘሮ አስቴር በስልክ “አለ ይላሉ” ብትላት፣ “በዓይንሽ አይተሽዋል?” አለቻት። አላየችውም። እኔም “ሕግ ያለበት አገር ነው፣ ሰው ዝም ብሎ አይገደልም” ብዬ መከርኳት።

“ለአባባም ሕግ አለ ነበር የሚሉን” አለችኝ። “ሄደሽ በዓይንሽ እይልኝ። ካለ አለ በይኝ። ከሌለም እርሜን ላውጣ።”

ቪዛው እንዴት እንደተገኘ ልተወው፤ እሱ ራሱ ሌላ ጉዞ ነው።

የመጀመሪያው ቀን

ደሴን በጉም ለቀቅኩ። ጉሙ ከጦሳ ተራራ ወርዶ መናኸሪያውን ስለሸፈነው ረዳቱ የመኪናውን ታርጋ በእጁ ዳብሶ ነው ያገኘው ብል ብዙ አላጋነንኩም። ደብረ ሲና ቆሎ ገዛሁ፤ ጣርማበር ላይ ጆሮዬ ተደፈነ። በሻንጣዬ ውስጥ አንድ ጋቢና አንድ ከረጢት ዳቦ ቆሎ ነበር። አስካለ ለሞተ ሰው ስንቅ አልሠራም ስላለች ራሴ ነኝ የሠራሁት። አስቴር ምግብ እንደማያስገቡ በስልክ ነግራኛለች፤ እኔ ግን ሽበቴን ሲያዩ ይፈቅዱልኛል ብዬ ነበር። በባዶ እጅ እስረኛ መጠየቅ ከነውርም ነውር ነው።

አውሮፕላኑ ላይ አጠገቤ የተቀመጠች ልጅ “ለጉብኝት ነው የሚሄዱት?” አለችኝ። “አዎ” አልኳት። ከእህቴ ጋር አብሬ መዋሸት ከጀመርኩ ቆይቻለሁ።

ሁለተኛው ቀን

አስቴር ከአውሮፕላን ማረፊያው በር ላይ እጇን እያወዛወዘች ተቀበለችኝ። በልጅነቷ በሱዳን በኩል የወጣች፣ በአማርኛ በሚሰበክበት የጴንጤ ቤተ ክርስቲያን የምትዘምር፣ የአረጋውያን መጦሪያ ውስጥ የምትሠራ ሴት ናት። አማርኛዋ በወጣችበት ዓመት ላይ ቆሟል፤ የሰፈሯን አስተዳደር ቀበሌ ነው የምትለው። ባቡር፣ ደግሞ ባቡር፣ ከዚያ አውቶቡስ ይዘን ስትሪትሃም ደረስን። ረጅም የገበያ መንገድ ነው፤ በግራና በቀኝ ሱቅ፣ ከሱቁ በላይ ሰው የሚኖርበት ፎቅ። ሰማዩ ልክ የእኛ የክረምቱ ደሴ ነው፤ የእኛው ግን ከሰዓት ይገለጣል።

ቤቷ ስገባ ዶሮ ወጥ ይጠብቀኛል። ረቡዕ ነበር።

“ወይኔ ጉዴ!” አለች፣ ፊቴን አይታ። “መምህርት፣ ይጾማሉ ለካ! እኛ እኮ ረቡዕን ረስተነዋል።”

“እናንተ ዓርብንም ረስታችኋል” አልኳት።

ስቃ ሽሮ ልትሠራ ተነሣች። ሽሮው በትኩሱ ቀረበ፤ እሷም አብራኝ ስትበላ ዶሮውን አልነካችውም። ከምግብ በኋላ እንባ አቀረረች። “ያንን ከረጢት ወህኒ ቤቱ መለሰብኝ፤ ከውጭ ምግብ አይቀበሉም። የእናት እጅ ነው፣ አይጣልም ብዬ በሰው ላክሁት። መምህርት፣ እኛ ቤት የታሰረ ሰው አልነበረም። እንዲህ ይሆናል ብዬ አላሰብኩም።” ምን ልበላት? በሰው አገር የእህቴን ዳቦ ቆሎ ሳትጥል ያስቀመጠች ሴት ናት። አይዞሽ አልኳት፤ ከልቤ ነበር።

ሦስተኛው ቀን

የጥየቃው ቀጠሮ ለማግስቱ ነበር። አስቴር “ዛሬ ከተማውን ላሳይዎ፤ የት ይወዳሉ?” ስትለኝ “አሮጌ ወህኒ ቤት” አልኳት። ትንሽ አየችኝና ካፖርቷን አነሣች።

በባተርሲ በኩል አድርገን በአውቶቡስ ወደ ቴምዝ ወንዝ ወረድን። እኔ የመሳፈሪያ ካርዴን ከመሣሪያው ላይ በግልባጩ እያስነካሁ ሰልፉን አቆምኩት፤ ከኋላዬ የነበሩት ሰዎች ዝም ብለው ቆሙ። ደሴ ቢሆን እስካሁን ሦስት ሰው ወይ ረድቶኝ ወይ ሰድቦኝ ነበር። የወንዙ ዳር ሰፊ መንገድ ነው፤ ዛሬ ትልቅ የሥዕል ቤት ቆሞበታል። በፊት ግን የእንግሊዝ መንግሥት ዋና የተሐድሶ ወህኒ ቤት የነበረው እዚያ ነው። ረግረግ ላይ ስለሠሩት እስረኛው በበሽታ አለቀ። የኮሪደሩ አዙሪት ዘበኞቹን ራሳቸውን ያደናግር ነበር ይባላል። ከግንቡ ሁሉ የተረፈው በእግረኛ መንገዱ ዳር የቆመ አንድ ድቡልቡል ድንጋይ ነው፤ ወደ አውስትራሊያ የሚጋዙት እስረኞች ወደ ጀልባ የወረዱት በዚህ በኩል ነው የሚል ጽሑፍ ተለጥፎበታል።

ዝናቡ ጃንጥላችንን ገለበጠው። አስቴር ከጃንጥላው ጋር ስትታገል እኔ ድንጋዩን ይዤ ቆምኩ። እዚህ ዳር ላይ የቆሙ እናቶች ነበሩ መቼም። ልጃቸው የተጋዘበትን አገር በካርታ አይተውት አያውቁም፤ መርከቡ ይድረስ አይድረስ የሚነግራቸው የለም። በልባቸው ቀብረውት ወደ ቤታቸው የተመለሱ ስንት ይሆኑ? አባባ የታሰረበት ቤት ዛሬ ድንጋይም ጽሑፍም የለውም። በዚህ ቀናሁ፤ በእንግሊዝ የቀናሁት በዚህ ብቻ ነው።

“እንሂድ፣ ይበርድዎታል” አለች አስቴር። ከንፈሯ ሰማያዊ ሆኖ ስለ እኔ ታስባለች።

አራተኛው ቀን

ወህኒ ቤቱ በሰሜን በኩል ነው። አስቴር ወሬ ስታወራኝ ፌርማታችንን አልፈን ፊንስበሪ ፓርክ ደረስን። ባቡሩም አውቶቡሱም ሰዉም የሚጋጭበት ቦታ ነው፤ የቱርክ ዳቦ ቤት፣ የሶማሌ ሱቅ፣ የማላውቀው አገር ፀጉር ቤት። የደሴ ቅዳሜ ገበያ ትዝ አለኝና ጥቂት ደስ አለኝ። በሌላ አውቶቡስ ወደ ኋላ ተመልሰን በሰዓቱ ደረስን።

ግንቡ በንግሥት ቪክቶሪያ ዘመን የተሠራ ነው። ያኔ የነበረውን አሠራር አንብቤ ሄጄ ነበር። እያንዳንዱ እስረኛ ለብቻው ክፍል ይሰጠዋል፤ መነጋገር ክልክል ነው፤ ሲወጣ ፊቱን የሚሸፍን ቆብ ያጠልቃል፤ ጸሎት ቤት ውስጥ እንኳ በግራና በቀኝ በጣውላ ተከልሎ ይቀመጣል። ሰው ከሰው ከተለየና ዝም ካለ ኀጢአቱን አስቦ ይመለሳል ብለው ነው። እኛም አገር በዓት የሚዘጉ መናንያን አሉ፤ ግን ወደው ነው፣ በሩንም የሚዘጉት ከውስጥ ነው። እዚህ ከውጭ ቆለፉት፤ ብዙዎቹም ከመመለስ ይልቅ አበዱ። አሁን ያ ሕግ ቀርቷል፤ ግንቡና መስኮቱ ግን ያው ነው።

አስቴር ውጭ ቀረች። በሩ ላይ ያለችው መኮንን ትሑት ነበረች። ዳቦ ቆሎዬን በሁለት ጣቷ ይዛ “ምንድን ነው?” አለችኝ። “ስንቅ” አልኳት፤ እንግሊዝኛው ጠፋኝ። ሽበቴን አላየችልኝም። ጋቢውንም፣ ስልኬንም፣ ከረጢቱንም ቁም ሳጥን ውስጥ ቆለፍኩ። ከዚያ ተሰልፈን ቆምንና አንድ ጥቁር ውሻ አሸተተን። የበርበሬ ነጋዴ መሰልኩት መሰለኝ ቀሚሴ ላይ ቆየብኝ፤ ደግነቱ አለፈኝ።

አዳራሹ ውስጥ ዝቅ ያሉ ጠረጴዛዎችና መሬት ላይ የታሰሩ ወንበሮች አሉ። በየጠረጴዛው እስረኞቹ እየመጡ ተቀመጡ። አንዲት ሕፃን አባቷ አንገት ላይ ተጠመጠመች። የእኔ ጠረጴዛ ባዶ ነው። ጠበቅኩ። በመጨረሻ አንድ ወጣት መኮንን መጥቶ ጎንበስ አለና “አዝናለሁ፣ እመቤቴ፤ አልመጣም ብሏል” አለኝ።

ስሜን በጠያቂዎቹ ዝርዝር ውስጥ ያስገባው ራሱ ነው ተብዬ ነበር። እንዴት አልመጣም ይላል? ሕግና አሠራር የማውቅ፣ አስካለን ስመክር የከረምኩ ሴት የአስካለ ፍርሃት ያዘኝ። የአባባን ስንቅ ከመለሱብን በኋላም “ሌላ ቦታ ተዛውሯል” ያለን ትሑት መኮንን ነበር። “ዓይኑን ብቻ ልየው፤ በበሩ ቀዳዳ ይሁን” ብዬ ለመንኩት። መኮንኑ ፊቱ ቀላ፤ “አይቻልም” አለኝ። እውነት ይናገር ይዋሽ ፊቱን አይቼ መለየት አቃተኝ።

አምስተኛው ቀን

ቀኑን ሙሉ ዘነበ። ከአስቴር ሶፋ ላይ አልተነሣሁም። እሷ ከሥራ ፈቃድ ወስዳ ስልክ ስትደውል ዋለች። ወህኒ ቤቱ ቄስ አለው፤ በአሥራ ሁለት ቁጥር ተላልፋ፣ ሙዚቃ እያደመጠች ጠብቃ አገኘችው።

“ሌላ ቀጠሮ ቡክ ያደርግልናል፤ እሱንም ገብቶ ያነጋግረዋል” አለችኝ፣ ስልኩን በእጇ ሸፍና። “ምን ልበለው ነው የሚለው?”

“እናትህ ጥቁር ለብሳለች በለው በይው።”

አስቴር ይህንን ተርጉማለት ስልኩን ዘጋች። ከዚያ ጮክ ብላ መጸለይ ጀመረች። እኔ ብዙ ጊዜ የጴንጤ ጸሎት ጆሮዬን ያሳክከኛል፤ ያን ቀን ግን አሜን እያልኩ ተከተልኳት።

ስምንተኛው ቀን

በመሃሉ ያሉትን ቀናት አላስታውሳቸውም፤ ሻይ ጠጥተን ይሆናል። በስምንተኛው ቀን ያው በር፣ ያው ውሻ፣ ያው ጠረጴዛ።

ሲገባ ወዲያው አላወቅሁትም። ፀጉሩ ተላጭቷል፣ ከስቷል፣ ከሹራቡ በላይ እስረኛውን ከጠያቂ የሚለዩበት ብርቱካናማ ሰደርያ ለብሷል። “እታለም” አለኝ፤ ከልጅነቱ ጀምሮ እንዲሁ ነው የሚጠራኝ። አቅፌ አገላብጬ ሳምኩት። ትከሻውን፣ ጀርባውን ዳበስኩ። ሥጋ ነው፤ ይሞቃል። አለ! አለ! አንዷ መኮንን መጥታ ተቀመጡ እስክትለን አልለቀቅሁትም።

“ያን ዕለት ለምን ቀረህ?”

“መጥቼ ነበር። በበሩ መስታወት አየሁሽ። ከጎን ስትታዪ እናቴ ነሽ። እግሬ አልሄድ አለኝ።”

“ለምን አትደውልላትም?”

እጁን አየ። “ምን ብዬ? ስደውል ‘መቼ ነው የምትመረቀው?’ ትለኛለች፣ ጮክ ብላ። ጎረቤት አጠገቧ አለ ማለት ነው። ለእነሱ እንዲሰማ ነው። እኔም ‘ትንሽ ቀረኝ’ እላለሁ። አልቻልኩም፣ እታለም።”

ስለ ከረጢቱ ነገርኩት። እንደተላከለትም አያውቅም ነበር። የአያቱን ታሪክ ግን ያውቃል፤ በዚያ ታሪክ ነው ያደገው። የተመለሰው ስንቅ እናቱን ምን እንዳላት ሲገባው ፊቱን በእጁ ሸፈነ። እዚያ ያለችው ትንሽ ሻይ ቤት ሄጄ ሻይና ኬክ ገዝቼለት መጣሁ። በላ። ሲጨርስ ፊቱ ረግቶ ነበር።

“እንደዚያው ተያት” አለኝ።

“ምን?”

“ሞቷል በያት። ሰው ይመጣል፣ ያስተዛዝናታል፣ ታለቅሳለች፣ ይወጣላታል። ለሞተ ልጅ አንገት አይደፋም። የእኔ ፍርድ ገና ብዙ ነው። ያን ሁሉ ዓመት ‘ልጅሽስ?’ ሲሏት ምን ትላቸዋለች?”

ደሜ ፈላ። “እኔ የአባቴን ሞት ከዘበኛ ቃል የተረዳሁ ሰው ነኝ! አሁን ያ ዘበኛ ሁኚ ነው የምትለኝ?”

አዳራሹ ሁሉ ዞረብን። “እታለም፣ ፕሊስ፣ ድምፅሽን ቀንሺ” አለኝ፤ ልክ ድሮ ትምህርት ቤት በጓደኞቹ ፊት ስቆጣው እንደሚለኝ።

ሰዓቱ አለቀ ተባለ። አንገቴን አቅፎ ሳመኝና በጆሮዬ “እንደነገርኩሽ” አለኝ። እደውላለሁ አላለም። በሩ ላይ ሲደርስ ዞር ብሎ አላየኝም፤ እኔ ግን በሩ እስኪዘጋ አየሁት።

አስቴር ውጭ በዝናብ ቆማ ነበር። “አለ” ስላት አስፋልቱ ላይ ዘለለች። የቀረውን ደግሞ ፌርማታው እስክንደርስ ነገርኳት። “ምን ሊሏት ነው?” አለችኝ በመጨረሻ።

“አየሁት እላታለሁ። የቀረው ከእኔ ጋር ይቀበራል።”

መመለሻ

አስቴር እስከ ፍተሻው በር ሸኘችኝ፤ የደም ግፊት መለኪያ ገዝታ ሻንጣዬ ውስጥ ደብቃብኝ ኖሮ ቤቴ ስደርስ ነው ያገኘሁት። ከአዲስ አበባ ደሴ ያለው መንገድ ያን ቀን አላልቅ አለኝ።

አስካለ ጥቁሯን ለብሳ አልጋዋ ጫፍ ላይ ተቀምጣ ጠበቀችኝ። “አየሁት፤ አለ” አልኳት። ፊቷ አልተነቃነቀም። ስልክ ስለማያስገቡ ፎቶ አልያዝኩም። ስለተላጨው ፀጉሩ፣ ስለ ሰደርያው፣ ስለበላው ኬክ፣ ስላቀፈኝ ነገርኳት።

“ለአባባም ‘አይተነዋል፣ ደህና ነው’ የሚሉን ሰዎች ነበሩ” አለችኝ በቀስታ። “ደግ ሰዎች ነበሩ። አንቺም ደግ ነሽ።”

ማልኩላት። ታቦት ጠራሁ። ራሷን ነቀነቀች፤ እኔን ላለማስቀየም እንጂ አላመነችኝም። ያን ሁሉ አገር አቋርጬ ባዶ እጄን የተመለስኩ መሰለኝ። ተስፋ ቆርጬ፣ ተናድጄም ጭምር፣ ከእኔ ጋር ይቀበራል ያልኩትን አወጣሁት። “‘ሞቷል በያት’ አለኝ። ‘ለሞተ ልጅ አንገት አይደፋም’ አለ። ሰው ‘ልጅሽስ?’ ሲልሽ ምን እንደምትይ ነው የጨነቀው።”

አስካለ ቀና አለች። “ምን አለ?”

ደገምኩላት።

“ይሄ የእሱ አፍ ነው” አለች። “ይሄንን አንቺ አትፈጥሪውም። እንዲህ አድርጎ የሚያቆስለኝ ሌላ ሰው የለኝም።” ከዚያ ጮኸች። አባባ ከሞተ ጀምሮ በውስጧ የቆየ ሁሉ በአንድ ጊዜ የወጣ ነው የሚመስለው፤ ደረቷን እየመታች፣ መሬት ላይ ወርዳ፣ አለቀሰች።

ጎረቤት በአንዴ ሞላ። ጥቁሯን ያዩት ስለነበር ማንም አልተጠራጠረም፤ ከፊት የገባችው ወይዘሮ ዘርፌ ነጠላዋን ለኀዘን አዘቅዝቃ “ማን ነው? ማን ነው የሞተው?” እያለች ነው።

“ማንም አልሞተም!” አለች አስካለ፣ ከመሬት ሳትነሣ፣ መንገድ ድረስ በሚሰማ ድምፅ። “ቢኒዬ ታስሯል! ልጄ እንግሊዝ አገር ወህኒ ቤት ነው፤ አለ!”

ወይዘሮ ዘርፌ በሩ ላይ ቆማ ቀረች። “እግዜር ያጥናሽ” ይባል እንደሆነ፣ “እንኳን ደስ ያለሽ” ይባል እንደሆነ ጠፍቷት እኔን ታየኛለች። እኔም አላወቅሁትም።